የእሱ ያልሆነችውን ኳስ የማይነካው ልጅ

ዛሬ የማወራችሁ ቴድ ዊሊያምስ ስለሚባል፣ ለቦስተን ሬድ ሶክስ ቤዝቦል ይጫወት ስለነበረ ረጅምና ቀጭን የሳን ዲዬጎ ልጅ ነው። ዘመኑ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 1941 ነው፤ ልጁም ገና 23 ዓመቱ ነበር።

በዚያ ጨዋታ ወርዋሪው ይወረውራል፣ መቺው ዱላውን ይዞ ይጠብቃል፣ ከዚያም በደንብ መትቶ ከሮጠ ቤዝ የሚሉትን የሩጫ ማረፊያ ይይዛል። ሌላም መንገድ አለ። 4 ኳሶች ከተፈቀደላቸው ክልል ውጭ አልፈው መቺው ዱላውን ካልሰነዘረባቸው፣ ዱላውን ጥሎ ቀስ ብሎ እየተራመደ አንደኛው ቤዝ ላይ ይቆማል። ይህን ከቁም ነገር የማይቆጥሩት ብዙ ናቸው። እኔ ግን ሕዝቡ ምታ ምታ እያለ ሲጮህ፣ ኳሷም ዓይን እስኪጠቀስ ስትደርስ፣ ይህቺ የእኔ አይደለችም ብሎ እጅን መሰብሰብን የመሰለ ሥራ የለም እላለሁ።

ቴድ በ1938 ሚኒያፖሊስ ሳለ፣ ሮጀርስ ሆርንስቢ የሚባለው የቀድሞ ታላቅ መቺ ጥሩ ኳስ እስክትመጣልህ ጠብቅ ብሎ መክሮት ነበር፤ ልጁም ምክሩን በልቡ አኖረ። ቤዝ ላይ ጓደኞቹ እየጠበቁት እሱ መምታት ትቶ ይራመዳል ብለው የሚያሙት ነበሩ፤ እሱ ግን አልተበገረም።

ከዚያም የውድድር ዓመቱ የመጨረሻ ቀን ደረሰ፤ ሴፕቴምበር 28፣ እሑድ፣ በእኛ የ1934 የመስቀል ማግስት። የመምታት አማካዩ፣ ማለትም ተራምዶ ያለፈባቸው ሳይቆጠሩ ከሙከራዎቹ የመታቸው ድርሻ፣ 0.39955 ነበር፤ ሲጠጋጋ ትልቁን 0.400 ይሞላል። አሠልጣኙ ጆ ክሮኒን ከፈለግህ ተቀመጥ፣ ቁጥሩ ይቆይልህ አለው። በዋዜማው፣ ቅዳሜ ማታ፣ ቴድ የቡድኑን ዕቃ ከሚጠብቀው ከጆኒ ኦርላንዶ ጋር ጨዋታው የሚደረግባትን የፊላደልፊያን ጎዳናዎች ሲያካልል አመሸ፣ ብዙም ተጓዘ፣ በነጋታውም በብርዱ ሜዳ ገባ። የባላጋራው ቡድን አዛውንት አሠልጣኝ ኮኒ ማክ ለልጁ ማንም እንዳይለቅለት፣ ኳስም እንዳይነፍገው አዝዘው ነበር፤ ለዚህ ጨዋነታቸው አከብራቸዋለሁ። በዚያ ቀን ሁለት ጨዋታ ነበር፤ በሁለቱ 8 ጊዜ ሞክሮ 6ቱን መታ፣ አንዷም ኳስ የሜዳውን ድምፅ ማጉያ በሳችው። ዓመቱን በ0.406 ዘጋ።

ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያነሳው ይህን ቁጥር ነው። እኔ የምወደው ሌላውን ነው። በዚያ ዓመት 606 ጊዜ ዱላ ይዞ ቀረበ፤ 185 ጊዜ መታ፣ 147 ጊዜ ተራመደ፣ 3 ጊዜ ኳስ ሰውነቱን አገኘችው፤ ተደምሮ 335 ጊዜ ቤዝ ያዘ፣ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። በሦስት ሙከራ ከሽፎ የወጣው 27 ጊዜ ብቻ ነው። ቤዝ የያዘበት ይህ 0.553 የሆነ አማካይ ግን በዚያን ዘመን በይፋ የሚቆጥረው አልነበረም፤ ሁለቱ ትልልቅ የቤዝቦል ሊጎች ቤዝ የመያዝን አማካይ በይፋ መዝገብ ያስገቡት በ1984 ነው፣ ያኔ ቴድ መጫወት ካቆመ 24 ዓመት አልፎት ነበር።

በእነዚያ ሁለት ሊጎች ያን ቁጥር 60 ዓመት ሙሉ ማንም አልደረሰበትም። ከዚያም በ2002 የሳን ፍራንሲስኮው ባሪ ቦንድስ 0.582 አደረሰው፣ በ2004 ደግሞ 0.609፤ ወርዋሪዎች ፈርተውት ሆን ብለው ብቻ 120 ጊዜ አሳለፉት። ቴድ ዊሊያምስ ግን በዚያው በ2002፣ ጁላይ 5 ቀን፣ ዓመቱ ሳያልቅና ክብሩ ሳይወሰድ አርፎ ነበር።