የብራና መጻሕፍት ጥገናና የነባር ይዘት ጥበቃ

በቤተሰብም ሆነ በአብያተ ክርስቲያናት እጅ የሚገኙ የብራና መጻሕፍት ከዕድሜ ብዛት ይጎዳሉ፤ ስፌታቸው ይላላል፣ ገበታቸው ይሰነጠቃል፣ ቅጠሎቻቸው በእርጥበት ይጨማደዳሉ። ጥገና ያስፈልጋቸዋል ማለት ግን አዲስ መምሰል አለባቸው ማለት አይደለም። የብራና መጽሐፍ ቅርስነት በተጻፈበት ቃል ብቻ ሳይሆን በቆዳው፣ በቀለሙ፣ በስፌቱና በድጉሱ ጭምር ነው።

ብዙ ጊዜ ቸል የሚባለው ኅዳጉ ነው። በኅዳግና በባዶ ቅጠሎች ላይ የመሬት ስጦታ፣ የውርስ ስምምነት፣ የመጽሐፉ አስጻፊ ስም ተመዝግቦ ይገኛል። ስሙ ተፍቆ በሌላ ተተክቶ ከሆነ ፍቀቱ ራሱ መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ለመተላለፉ ምስክር ነው። ጠርዙን ለማስተካከል መቁረጥ ወይም ገጹን ለማጽዳት መፋቅ ይህን ማስረጃ ያጠፋል፤ የጠፋውን መልሶ የሚያመጣ ባለሙያም የለም። የጥንት ብራና ፋቂዎች የቆዳውን ቀዳዳ የሰፉበት ክርም እንደ ጉድለት ታይቶ ሊፈታ አይገባም።

ለአብነት፣ በአድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች ቀደም ሲል በ11ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ እንደተጻፉ ይገመት ነበር። በጥቃቅን የብራና ቁራጮች ላይ የተደረገው የካርቦን ምርመራ ግን አንደኛውን ከ390 እስከ 570፣ ሌላውን ከ530 እስከ 660 እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ባለው ጊዜ ውስጥ አድርጎታል። ከነዳጅ ዘይት የተሠራ ዘመናዊ ሙጫ ወይም ቫርኒሽ የተቀባ ብራና እንዲህ ያለውን ምርመራ ያዛባል።

ስለዚህ የተቀደደ ቅጠል በፕላስተር አይለጠፍም፤ የተጨማደደውም በካውያ አይተኮስም። የደበዘዘ ሥዕል በአዲስ ቀለም ሲደመቅ የቀደመው ሠዓሊ እጅ ይሸፈናል። የተሰነጠቀ ገበታ በሌላ ከመተካት ይልቅ ራሱ ተጋጥሞ ይጠገናል። ስፌቱን መቀየር የግድ ቢሆን እንኳ የወጣው ክር ከመጽሐፉ ጋር ይቀመጣል።

በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ማንኛውም የቅርስ ጥገና የሚከናወነው ሥልጣን ካለው የቅርስ ባለሥልጣን አስቀድሞ ፈቃድ ሲገኝ ነው። ባለይዞታው ፈቃድ እስኪያገኝ ድረስ መጽሐፉን ከፀሐይ፣ ከጭስና ከእርጥበት አርቆ በማኅደሩ ማኖር፣ ቅጠሎቹንም ኅዳጋቸው ሳይቀር በቅደም ተከተላቸው ፎቶግራፍ ማንሳት ይኖርበታል።