ሰደድ እሳት ሳይነሣ፦ በበጋ ወራት ሊደረግ የሚገባው ዝግጅት

ከጥር እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ሣሩ ይደርቃል፤ ነፋሱም ይበረታል። በዚህ ወቅት አንዲት ፍንጣሪ የአንድን ቀበሌ ደንና ግጦሽ ለማውደም ትበቃለች። በ2011 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሆነው ለዚህ ምስክር ነው። በመጋቢት የተነሣው እሳት ጓሳውንና አስታውን እየበላ እስከ ሚያዝያ ዘልቋል። የአካባቢው ሕዝብ ቅጠል ይዞ ቢረባረብም ገደሉ እግረኛ የሚያደርስ ስላልነበረ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መምጣት ግድ ሆኗል። ሄሊኮፕተር እስኪደርስ ግን ብዙ ይነዳል፤ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በመንደሩ ሰው እጅ ናቸው።

እሳቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስነሣው ሰው ነው። ለማር ቆረጣ የተለኮሰ ጭስ፣ በቅጡ ያልጠፋ የከሰል ጉድጓድ፣ ለምንጠራ ወይም ለምለም ሣር እንዲበቅል የተለቀቀ እሳት ዋና ዋናዎቹ መንሥኤዎች ናቸው። በግብርና ኮሌጅ ሳለን ገለባና ሣር ማቃጠል አፈሩን እንደሚያራቁት ተምረናል። ይሁንና አርሶ አደሩ የሚያቃጥለው ጉዳቱን ስላላወቀ ብቻ አይደለም፤ ለጉልበቱም ለኪሱም የሚቀለው መንገድ እርሱ ስለሆነ ነው። ስለዚህ የግድ የሚያቃጥል ሰው ቢያንስ ለጎረቤትና ለቀበሌ ያሳውቅ፤ ነፋስ በሌለበት በማለዳ ይለኩስ፤ ውኃና ለምለም ቅርንጫፍ ያዘጋጅ፤ አመዱ በእጅ ተዳስሶ እስኪቀዘቅዝም ከቦታው አይራቅ። ጠፋ የተባለ እሳት በሥርና በጉቶ ውስጥ ለቀናት ተዳፍኖ ሊቆይ ይችላልና።

ቤትና መንደርን ማዘጋጀት

የሣር ክዳን ቤት ከነበልባሉ ይልቅ ነፋስ ተሸክሞት በሚመጣው ፍም ይቃጠላል። የጭድና የድርቆሽ ክምር፣ የማገዶ ቁልልም ከቤቱና ከበረቱ ይራቅ። በግቢው ዙሪያ ያለው ደረቅ ሣር በጥር ሳይታለፍ ይታጨድ። በደንና በመንደር መካከል የእሳት ማገጃ መስመር ሲወጣ አፈሩ እስኪታይ ድረስ መላጥ አለበት፤ ስፋቱም በአጠገቡ ካለው ሣር ወይም ቁጥቋጦ ቁመት ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን። ተዳፋትና ነፋስ ባለበት ከዚህም ይበልጥ ይስፋ። እሳት ሽቅብ ሲወጣ እየፈጠነ ይሄዳል፤ ቁልቁለቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ በግምት እጥፍ ይሆናል።

እድር ባለበት መንደር አዲስ ኮሚቴ ማቋቋም አያስፈልግም። ጥሩምባው አለ፤ ደወሉም አለ። የቀረው የእሳት ምልክቱ ከለቅሶው ተለይቶ እንዲታወቅ አስቀድሞ መስማማት፣ አካፋውና ዶማው የሚቀመጥበትን ቤት መወሰን፣ ማን የትኛውን አቅመ ደካማ እንደሚያወጣ በስም መመደብ ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ጥሩምባው ሲነፋ ሳይሆን ጭሱ በሩቅ ሲታይ መውጣት ይኖርባቸዋል።

የመሬት ይዞታ ደብተር፣ መታወቂያ፣ የባንክ ደብተርና መድኃኒት በአንድ ቦርሳ ይኑር። ከብቶች ታስረው አይተዉ። ከበረት ከወጡ በኋላም በሩ ይዘጋ፤ የደነገጠ እንስሳ ወደለመደው በረት ተመልሶ ሊገባ ይችላልና።

እሳት ሊያጠፋ የሚወጣ ሰው ጥጥ ወይም ሱፍ ይልበስ፤ ናይለን ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ከነበልባሉ ፊት ለፊት አይቆምም፤ ከጎኑ፣ ከተቃጠለው መሬት በኩል ሆኖ ይቀጠቅጣል። ከተከበበም ሽቅብ አይሮጥ፤ የሚሸሸው ቀድሞ ወደ ነደደ ባዶ መሬት ነው። የተቃጠለ ሰው ቁስሉ ለ20 ደቂቃ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ይፍሰስበት። ቅቤ፣ ጭቃና የጥርስ ሳሙና መቀባት ቁስሉን ያባብሰዋል።

ሙቀቱም ይገድላል

በመተማ፣ በቋራና በሑመራ ቆላ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ከደጋ ለጉልበት ሥራ የወረደ ሰው ሰውነቱ እስኪለምድ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ሥራ ማሠራት አደገኛ ነው። የከበደው ሥራ በማለዳ ይሠራ፤ ውኃም ሳይጠማ ይጠጣ። ብዙ ላበት ሰው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መስጠት ይቻላል። ሰውነቱ እየጋለ መቃዠት ከጀመረ ግን ጊዜ የለም። ወደ ጥላ ወስዶ በውኃ ማራስና ማራገብ፣ ሳይዘገዩም ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም።

አፉን ከፍቶ የሚያለከልክና ለሃጩን የሚያዝረበርብ በሬም በሙቀት እየተጎዳ ነው፤ ወዲያው ከቀንበር ይፈታ፤ ጥላና ውኃ ይቅረብለት።

የከተማ ነዋሪዎች ስጋት በአብዛኛው ከኤሌክትሪክና ከከሰል ምድጃ ይመነጫል። ከኤሌክትሪክ በተነሣ እሳት ላይ ቆጣሪው ሳይጠፋ ውኃ አይደፋም። ጠባብ የገበያ መተላለፊያ ላይ ዕቃ የሚከምር ነጋዴም ለእሳት አደጋ መኪናው መግቢያ እንደሚዘጋ ይገንዘብ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ የስልክ ቁጥር 907 ነው፤ ከእርሱ ጎን የቀበሌውንና የአካባቢውን ፖሊስ ቁጥር ጽፎ በሩ ላይ መለጠፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።