ካሚዮንና የመጋዘን ደጃፍ



ስለ መንገድ ታሪክ በተወራ ጊዜ ዘወትር የሚነሣው የርዝመቱ፣ የድልድዩና የገደሉ ነገር ነው። ጭነቱ ደርሶ ስለሚራገፍበት ሥፍራ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። የዛሬው ንግግራችን ካሚዮን ወደ ኋላ እየሄደ ስለሚጠጋበት ስለ መጋዘን ደጃፍ ይሆናል።

ፍላቂት በመቄት ደጋ፣ ከወልዲያ ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። መንገዱ ከመሠራቱ በፊት የአገሩ እህል የሚጓዘው በአጋሰስ ጀርባ ነበር። አጋሰስ ባለበት ይዞራል፤ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ሆነው ይጭኑታል፤ ያራግፉታልም። ጭነቱ ሲከብድ ግን ነገሩ ይለወጣል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ ከመቄት በስተደቡብ ባለው በዋድላ በኩል አልፈው የዠጣንና የበሽሎን ገደል ለመሻገር አስቀድሞ መንገዱን መደልደል ግድ ሆነባቸው። በዚያው ዘመን የመጣው የእንግሊዝ ጦርም ወደ ደጋው ከመውጣቱ በፊት በዙላ ጠረፍ የመርከብ ማራገፊያ መድረክ ሠርቷል። ከባድ ጭነት መነሻውም መድረሻውም ካልተሰናዳለት መንገዱ ብቻውን አይበቃውም።

በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር በሐዲዱ ስለሚሄድ ከመድረኩ ያለው ርቀት ሁልጊዜ አንድ ነው። ካሚዮን ግን መንገዱን የሚያገኘው በነጂው ዓይን ነው። በጠላት ወረራ ጊዜ የመጡት ከባድ የኢጣልያ ካሚዮኖች ነጂው የገደሉን አፋፍ እንዲያይ መሪያቸው በቀኝ በኩል ነበር። በ1956 ዓ.ም. አገራችን በቀኝ መንዳት ከጀመረች ወዲህ ግን የነጂው ሥፍራ በግራ ሆኗል። ስለዚህ ነጂው መጋዘኑን በግራው አድርጎ እንዲገባና ወደ ኋላ ሲመለስ በራሱ መስኮት አሻግሮ እንዲያይ የግቢው በር ሊታሰብበት ይገባል። በቀኙ ከሆነ የኋላው ስለማይታየው የሚተማመነው በረዳቱ ጩኸት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነገር ስፋት ነው። ከመድረኩ ፊት ያለው ሜዳ ቢያንስ የካሚዮኑን ርዝመት እጥፍ ሊሆን ይገባዋል፤ ካሚዮኑ ከነተሳቢው 18 ሜትር ከሆነ ሜዳው 36 ሜትር ይሁን ማለት ነው። ተሳቢ በሁለት ቦታ ስለሚታጠፍ ወደ ኋላ ለመንዳት እጅግ ያስቸግራል። ሦስተኛው ቁመት ነው። መድረኩ 1 ሜትር ከ20 ያህል ከፍ ቢል ከካሚዮኑ ወለል ጋር ስለሚስተካከል፣ ወዛደሩ ኩንታሉን ተሸክሞ በጣውላ ላይ ከመውረድ ይድናል። እንደ ላስታ ባለ ተዳፋት አገር ደግሞ ሜዳው ወደ መድረኩ ያዘቀዘቀ እንደሆነ የካሚዮኑ ራስጌ ከወለሉ ቀድሞ ግድግዳውን ይመታል። የተደለደለ፣ ውኃውን ወደ ውጭ የሚያፈስ መሬት ይሻላል። በመሬቱ ላይ የተሰመረ ነጭ መሥመርና በመድረኩ ጠርዝ የተቸነከረ አሮጌ ጎማ ወጪያቸው ጥቂት፣ ጥቅማቸው ግን ብዙ ነው።

ይህ ጥቃቅን ነገር የሚመስለው ሰው 1977 ዓ.ም.ን ያስታውስ። ወሎ በተራበ ጊዜ፣ ያን ጊዜ የኢትዮጵያ ወደብ በነበረው በዐሰብ የእርዳታ እህል የተከማቸው ካሚዮን በማነሱ ነበር። ካሚዮን ባነሰበት ጊዜ፣ በየመጋዘኑ ደጅ በማራገፍ የሚባክን እያንዳንዱ ሰዓት ከተራበው ሰው ዕድሜ ይቀነሳል። አንድ ካሚዮን በቶሎ ተራግፎ ከተመለሰ ተጨማሪ ካሚዮን እንደ መግዛት ይቈጠራል።

እንግዲህ፣ ክቡራን አንባቢዎች፣ ከእናንተ መካከል የመጋዘን ፕላን ቀርቦለት የሚፈርም ሹም ቢኖር፣ ስለ ጣሪያውና ስለ ግድግዳው ከመጠየቁ በፊት አንድ የካሚዮን ነጂ አስጠርቶ «በዚህ በኩል ወደ ኋላ ብትገባ ይታይሃልን?» ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው። ፕላኑን በወረቀት ላይ ሳለ ማረም ቀላል ነው፤ ግንቡ ከቆመ በኋላ ግን ለማስተካከል ማፍረስ ያስፈልጋል።