አልነሣ ያለ ሞተር፦ የመካኒክነት ሙያ በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ

የባሕር ዳር ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በጣና ገዳማትና በዐባይ ዙሪያ ነው፤ ይሁን እንጂ የከተማይቱን የዘመናዊ ኑሮ መልክ ከሠሩት ሙያዎች አንዱ የሆነው መካኒክነት፣ በተለይም አልነሣ ያለን ሞተር መርምሮ የሕመሙን ምንጭ የመለየት ጥበብ፣ የሚገባውን ያህል የታሪክ ጸሐፊ አላገኘም። ይህ ጥበብ ቃላቱን ከጣሊያንኛ፣ የመማሪያ ክፍሉን ከሶቪየት ኅብረት ጋር ከተደረገ ትብብር፣ ልምዱን ደግሞ ከሐይቁ ዳር አየርና ከጎጃም መንገድ ያገኘ ስለሆነ፣ የሙያው ታሪክ የከተማይቱም ታሪክ ነው።

የመጀመሪያው አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. ገደማ በእንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሌይ አማካይነት ለዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ ቢደርስም፣ በጣና ዳርቻ ሰውና ዕቃ ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ የሚጓጓዘው በአጋሰስ ጀርባና ከደንገል በሚሠራ ታንኳ ነበር። ለውጡ የመጣው በጦርነት ነው። በአኪሌ ስታራቼ የሚመራው በካሚዮን የሚጓዝ የጣሊያን ጦር መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር ከገባ በኋላ ወደ ጣና ዳርቻ ወርዶ ባሕር ዳርን ያዘ፤ በወረራው ዘመንም የጭነት መኪና በየብስ፣ የሞተር ጀልባ በሐይቁ ላይ መታየት ጀመሩ። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ከባሕር ዳር፣ በኅዳር 1934 ዓ.ም. ደግሞ ከጎንደር ተሸንፎ ሲወጣ፣ የመኪናው ቋንቋ ግን በኢትዮጵያውያን ሹፌሮችና ጠጋኞች አፍ ቀረ።

ይህ ቋንቋ ዛሬም በየጋራዡ ይሰማል። ነዳጁንና አየሩን የሚያቀጣጥለው ብልጭታ የሚፈነጥቅበት ዕቃ ካንዴላ ይባላል፤ ቃሉ በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው። የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ብዙ ሺህ ቮልት የሚያሳድገው ጥቅል ሽቦ ቦቢና፣ እየተከፈተና እየተዘጋ ብልጭታው በሰዓቱ እንዲወጣ የሚያደርገው ነጥብ ፑንቲና፣ በባትሪ ኃይል ሞተሩን የሚያዞረው ትንሽ ሞተር ደግሞ ሞተሪኖ ይባላሉ። ሞተሪኖ ከመለመዱ በፊት ሞተር የሚነሣው ከፊት በሚገባ ማኖቬላ በተባለ የብረት እጀታ በክንድ ጉልበት ሲሆን፣ እጀታው ወደ ኋላ ሲመታ የሰው ክንድ እስከ መስበር ይደርስ ስለነበር፣ የኤሌክትሪክ ማስነሻ እ.ኤ.አ. በ1912 በአሜሪካ ካዲላክ ላይ መገጠሙ በዓለም ዙሪያ እንደ ታላቅ እፎይታ ተቆጠረ።

የሙያው እምብርት የጥያቄ ቅደም ተከተል ነው። የቤንዚን ሞተር ለመነሣት ነዳጅ፣ አየር፣ እሳትና እምቅታ ያስፈልጉታል፤ እሳት የሚባለው የካንዴላው ብልጭታ፣ እምቅታ የሚባለው ደግሞ ፒስተኑ ድብልቁን ጨምቆ የሚፈጥረው ግፊት ነው። ስለዚህ የሠለጠነ መካኒክ በመጀመሪያ የሚለየው ሞተሩ ጨርሶ አይዞርም ወይስ እየዞረ አይነሣም የሚለውን ነው። ካልዞረ ጥርጣሬው በባትሪው፣ በገመዶቹ መጋጠሚያና በሞተሪኖው ላይ ያርፋል፤ መኪናው በማርሽ ተገፍቶ ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ ከተነሣ ደግሞ ጥርጣሬው ይጸናል፤ ምክንያቱም ጎማው የሞተሪኖውን ሥራ ሲሠራለት ሞተሩ ራሱ ጤነኛ መሆኑ ይታወቃል። እየዞረ ካልተነሣ ካንዴላው ተፈትቶ ብልጭታው ይታያል፤ ብልጭታ ካለ ምርመራው ከጋኑ እስከ ፖምፓው፣ ከፊልትሮው እስከ ካርቡራተሩ የነዳጁን መንገድ ይከተላል። እያንዳንዱ መልስ አንድ ጥርጣሬን እየዘጋ ወደሚቀጥለው ስለሚያሻግር፣ ዘዴው ከሐኪም ምርመራ የማያንስ የአመክንዮ ሥርዓት አለው።

የጣና ዳርቻ ለዚህ ዘዴ የራሱን ፈተና ጨምሮበታል። የሐይቁ ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሚርቅ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ በዚህም የተነሣ በዝቅተኛ ስፍራ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ከአየሩ ጋር ሲመዛዘን ነዳጅ ያበዛል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ለብሶ ብልጭታው ይደክማል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ዝናብ እርጥበት ወደ እሳት ማከፋፈያው ክዳን ሲገባ ደግሞ ኤሌክትሪኩ መንገዱን ይስትና፣ ማታ ደኅና ያደረ መኪና ጠዋት አልነሣ ይላል። በናፍታ ሞተር ችግሩ ሌላ ነው፤ ናፍታ በተጨመቀ አየር ሙቀት ብቻ የሚቀጣጠለው በከፍተኛ ግፊት ሲረጭ በመሆኑ በነዳጅ መስመሩ ውስጥ የገባ ጥቂት አየር እንኳ ሞተሩን ዝም ስለሚያሰኘው፣ የፖምፓውን ብሎን አላልቶ አየሩን ማስወጣት ኤንትሬ እየተባለ በሚታወቀው የፊያት 682 ጭነት መኪና ላይ የሠራ ረዳት ሁሉ የሚያውቀው የሙያ ሀሁ ነበር።

ረዳት የሚባለው ከሹፌሩ ጎን ሆኖ ዕቃ እየጫነ፣ ጎማ እየቀየረና ሞተር እየነካካ የሚማረው ወጣት ሲሆን፣ ሙያው ለብዙ ዘመን የተላለፈው በዚህ ሰንሰለት ነው። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋምና መንገዶች ሲጠገኑ የረዳቱ ትምህርት ቤት ሰፋ፤ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምርና የጢስ ዐባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሲከተል ደግሞ ባሕር ዳር የማሽን ባለሙያ የምትፈልግ ከተማ ሆነች። በእነዚህ ሁለት ዓመታት መካከል፣ በ1955 ዓ.ም.፣ በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት (በአጭሩ ፖሊ) የግብርና መካኒክስን፣ የብረታ ብረትንና የኤሌክትሪክ ሙያን በመጽሐፍና በወርክሾፕ ማስተማር ጀመረ። ከዚያ ወዲህ በከተማይቱ ሁለት የዕውቀት መንገዶች ጎን ለጎን ኖሩ፤ አንዱ ጉድለቱን በድምፅ፣ በሽታና በጭስ ቀለም የሚለይ የረዳት ልጅ፣ ሌላው በመለኪያ መሣሪያና በስሌት የሚሠራ የፖሊ ምሩቅ ነው። ሁለቱ የሚጠይቁት ጥያቄ ግን አንድ ነበር።

ኢንስቲትዩቱ በ1992 ዓ.ም. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ የቀጠለ ሲሆን፣ የከተማይቱ ጎዳናም በባጃጅና በኮምፒውተር በሚመረመሩ መኪኖች ተሞልቷል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ደግሞ ካንዴላም፣ ፑንቲናም፣ ካርቡራተርም የሌለው የኤሌክትሪክ መኪና ዘመን መድረሱን ያመለክታል። ዕቃዎቹ ሲጠፉ ስሞቻቸው፣ ስሞቻቸው ሲጠፉም እነርሱ የተሸከሙት የምርመራ ሥርዓት መጥፋቱ አይቀርም። ስለዚህ የቋንቋና የታሪክ ተመራማሪዎች፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ ፖሊን የወረሰው ዩኒቨርሲቲ፣ የአንጋፋ መካኒኮችን ቃልና ዘዴ ባለቤቶቹ በሕይወት ሳሉ መመዝገብ ይገባቸዋል።