ድራይ ፊት፦ የልክ ገጠማ

ሰኔ መገባደጃ ላይ ነው። እንጅባራ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እኔ አንዲት ጠባብ ጋራዥ ውስጥ ተጠልዬ ቆሜያለሁ። የያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ወለሉ ላይ በተነጠፈ ጆንያ በጎኑ ተጋድሟል። ሁለት ልጆች ባዶውን ፍሬም ግራና ቀኝ ይዘው ከላይ ወደ ታች ያለብሱታል። ሞተሩን ተሸክሞ ፍሬሙ ውስጥ ከማስገባት ፍሬሙን በተኛው ሞተር ላይ ማውረድ ይቀላል፤ ብረትና ብረትም አይፋጭም። ግን ሞተሩ ውስጥ ዘይት የለም። ካርቡራተር አልታሰረለትም፤ የካንዴላው ቀዳዳ በጨርቅ ተወትፏል። ፍሬሙም ተልጦ ብረቱ ያገጠጠ ነው፤ ጠብታ ቀለም አልነካውም።

«ዛሬ ገጥማችሁ ነገ ልታስነሱት ነው?» አልኩት ታላቅየውን።

«የለም ጋሼ፣ ነገማ መልሰን እናወርደዋለን። ልኩን ለማየት ነው።»

ብዙ ጊዜ የአማርኛ ስም ስፈልግለት የቆየሁትን ነገር ልጁ በአንድ ቃል ነገረኝ። የውጭ አገር አዳሾች ይህን ሥራ ድራይ ፊት ይሉታል። አሮጌ ዶቅዶቄ ሲታደስ፣ ቀለም ከመቀባቱና ለመጨረሻ ጊዜ ከመታሰሩ በፊት፣ ሞተሩንና ዋና ዋና አካላቱን ፍሬሙ ላይ ገጥሞ፣ መስማማታቸውን አይቶ፣ መልሶ መፍታት ማለት ነው። (ሞተር የምንለው አንዳንዴ ሙሉውን ዶቅዶቄ፣ አንዳንዴ ደግሞ እሳቱ ያለበትን ክፍል ስለሆነ፣ እዚህ ላይ ሙሉውን ዶቅዶቄ፣ ክፍሉን ብቻ ሞተር እላለሁ።)

መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ተገቢ ነው፦ ሞተሩ የወረደው ከዚሁ ፍሬም ከሆነ፣ ወደ ቤቱ ሲመለስ ምን ልክ ያስፈልገዋል? እውነቱ ግን ሁለቱም እንደ ድሮው አይደሉም። ፍሬሙ ዝገቱ በአሸዋ ተነፍቷል፣ የተሰነጠቀው ተበይዷል፣ ወድቆ የተጣመመው ተቃንቷል። ብየዳ ደግሞ ሲቀዘቅዝ ብረት ይስባል። የሞተሩም ቤት ተሰብሮ ከሌላ ዶቅዶቄ የመጣ ሊሆን ይችላል። ተለያይተው የታከሙ ሁለት አካላት ናቸው፤ እስኪገናኙ ድረስ መስማማታቸውን ማንም በዓይኑ ሊያውቅ አይችልም።

ያን ቀን ያየሁት ይኸው ነበር። የፊቶቹ ቡሎኖች በጣት ተሽከርክረው ገቡ። የኋላው ግን ቀዳዳው ከቀዳዳው ጋር ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ተላልፎ ቀረ። ታናሹ ወፍራም ካቻቪቴ አንስቶ ሊፈነቅለው ሲል ታላቁ እጁን ያዘው። «በጣት ያልገባ ቡሎን በቁልፍ አይገባም» አለው። ይህችን ነገር እያንዳንዱ ጀማሪ መካኒክ ሊይዛት ይገባል። በጉልበት ተስቦ የታሰረ ቡሎን ሞተሩን ይይዛል፤ ግን ፍሬሙን ሌት ተቀን እንደ ተወጠረ ጅማት ያቆየዋል። የዲቲ 125 ሞተር ባለ አንድ ፒስተን፣ ባለ ሁለት ምት ነው፤ ፒስተኑ 56 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ምቱ 50 ሚሊ ሜትር፣ ይዘቱ 123 ሲሲ። ባለ ሁለት ምት ሞተር በእያንዳንዱ ዙር ይተኩሳል። በደቂቃ 6,000 ዙር ሲሽከረከር በሰከንድ 100 ጊዜ ይመታል ማለት ነው። ያ ሁሉ ምት የሚያርፈው በተወጠረው የማሰሪያ ጆሮ ላይ ነው፤ ስንጥቁ የሚጀምረውም ከዚያ ነው። ልጆቹ ፍሬሙን መልሰው አውጥተው የኋላውን ጆሮ አቃንተው፣ የቀረውን ክፍተት በስስ ሮንዴላ ሞሉት።

ይህ ሁሉ ከቀለም በፊት መሆን ያለበት ለምን እንደሆነ ደግሞ ቁጥሩ ይናገራል። ዛሬ አሮጌ ፍሬም የሚያድስ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው በምድጃ የሚጋገረውን የዱቄት ቀለም፣ ፓውደር ኮት የሚባለውን ነው። ውፍረቱ በአብዛኛው ከ60 እስከ 100 ማይክሮን ይደርሳል። ለዓይን ምንም ነው። ግን ቡሎን የሚያልፍበት ቀዳዳ ውስጥ ከገባ ከግራም ከቀኝም ስለሚለጠፍ፣ 80 ማይክሮኑ 160 ይሆናል፤ ጥብቅ ቀዳዳ ይህን አይችልም። ያኔ ወይ በመዶሻ ይገባል፣ ወይ አዲሱ ቀለም በሞረድ ይፋቃል። ከዚህም ሌላ ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ሞተሩ ከፍሬሙ ጋር የሚነካካበት ቦታ ሁሉ ከተሸፈነ ኔጋቲቩ መመለሻ ያጣል፤ ካንዴላው እሳት አልሰጥ ብሎ ባለቤቱ ሳምንት ሙሉ ያለ ጥፋቱ ካርቡራተሩን ይፈታል። ልኩ አስቀድሞ የታየ ፍሬም ግን የትኛው ፊት በፕላስተር ተሸፍኖ ቀለም እንዳይነካው፣ የትኛው ቀዳዳ በቡሎን ተደፍኖ እንዲጋገር ምልክት ተደርጎበት ይሄዳል። ከእንጅባራ ባሕር ዳር 118 ኪሎ ሜትር ነው። ፍሬሙን እዚያ ልኮ ለሚያስቀባ ሰው አንድ ስህተት ሁለት ጉዞ ነው።

ሰንሰለቱም የሚታየው ያኔ ነው። ቀጥ ያለ ብረት ከፊተኛው ጥርስ እስከ ኋለኛው ጎማ ጥርስ ተጋድሞ ሁለቱን እኩል መንካት አለበት። ካልነካ ሰንሰለቱ እያፏጨ ጥርሱን ይበላል። ማርሚታው ፍሬሙን ሳይነካ ማለፉ፣ የማስነሻው መርገጫ ሲወርድ ከእግር ማሳረፊያው ጋር አለመጋጨቱ ይታያል። የፍሬሙን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ማስተያየትም አሁን ነው፤ ቀለም ከደፈነው በኋላ ቁጥር ፍለጋ መፋቅ ያሳዝናል።

ሞተሩ ለፍሬሙ ያልተሠራ ከሆነ ደግሞ የልክ ገጠማ ራሱ ሥራው ይሆናል። የሰሜን አየርላንዶቹ የማካንድለስ ወንድማማቾች ያበጁት፣ ኖርተን በ1950 እ.ኤ.አ. ለውድድር ያሰለፈው ፌዘርቤድ የተባለ ፍሬም በመንገድ አያያዙ ስሙ ገነነ። በ1960ዎቹ የእንግሊዝ ወጣቶች የትራያምፍን ሞተር በዚያ ፍሬም ውስጥ እያስገቡ ዶቅዶቄውን ከሁለቱ ስም ቀላቅለው ትራይተን አሉት። ሞተሩ የሚያያዝበት ጆሮ ስላልነበረ፣ መጀመሪያ ሞተሩን በእንጨት ደግፈው፣ ካርቶን ቆርጠው፣ ካርቶኑ ሲስማማ ብረቱን በዚያ ልክ ያወጡ ነበር።

ወደ ስሙ እንመለስ። ድራይ ፊትን ቃል በቃል «ደረቅ ገጠማ» ያሉ አሉ። አልወደድኩትም። በእንግሊዝኛ ደረቅነቱ የመጣው ያለ ኮላ ከሚገጥመው አናጺ ሥራ ነው። በእኛ ቋንቋ ግን ደረቅ ሌላ ነገር ያስባል፤ ደረቅ ቼክ ስንቅ የሌለው ቼክ ነው፣ ደረቅ ሰው የማይሰማ ሰው ነው። ከሞተር ጋር ሲሆን ደግሞ ዘይት የሌለውን ሞተር ማስነሳት ይመስላል፤ ይህም ፒስተኑን ከሲሊንደሩ ጋር የሚያጣብቅ ጥፋት ነው። «የሙከራ ገጠማ» የተሻለ ነው፤ ሆኖም መካኒኩ ሙከራ ሲል ሞተሩን አስነስቶ መንገድ ላይ መንዳትን ነው። ልብስ ሰፊዎቻችን ከጣሊያንኛ የወሰዱት «ፕሮቫ» ከሁሉም ይቀርባል፤ ሙሉ ልብስ በነጠላ ስፌት ተይዞ ትከሻ ላይ የሚታየው ልክ እንዲህ ነው። ፍሪሲዮንና ካምቢዮ በሚባልበት ጋራዥ ፕሮቫም ባዳ አይሆንም ነበር። እኔ ግን ልጁ «ልኩን ለማየት» ካለው ተነስቼ የመረጥኩት ይህን ነው፦ የልክ ገጠማ። ሥራው ራሱ ቃሉ ውስጥ አለ። ግሡም ይመቻል፤ «ሞተሩን ለልክ ገጠምነው»፣ «ፍሬሙ የልክ ገጠማ ሳይደረግለት ቀለም ቤት አይሂድ» ይባላል። «በልክ ገጠምነው» ግን አይሆንም፤ በልክ ማለት በመጠኑ ስለሆነ።

እንጅባራ በምትገኝበት አዊ ውስጥ የልክ ገጠማን ጥቅም ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከተመሠረተበት ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ በዓሉ የሚከበርበት አገር ነው፤ ጥር 23 እንጅባራ የሚሰለፈውን ፈረስ ያየ ሰው፣ ኮርቻ ጌጡ ከመውጣቱ በፊት ጀርባው ላይ መስማማት እንዳለበት ያውቃል። ልኩን ያልያዘ ኮርቻ የቱንም ያህል ቢያምር ጀርባ ይገጥባል። ዳንግላ ላይ አንድ አዛውንት ይህን ስነግራቸው «ታዲያ ብረት ጀርባ የለውም ያለ ማነው?» አሉኝ።

እነዚህ አሮጌ ያማሃዎች ለእኔ ተራ ብረት አይደሉም። ዲቲው በ1968 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከዲቲ-1 ዘር ነው። ኤጂ 100 ደግሞ ፊትና ኋላ መጫኛ ያለው፣ ሰንሰለቱ በሽፋን የተደበቀ፣ በግራም በቀኝም የሚቆም የእርሻ ዶቅዶቄ ነው። የግብርናና የጤና ሠራተኛው በጭቃ የተጓዘው በእነዚህ ላይ ነበር። ሲታደሱ በጥድፊያ ቀለም ተቀብተው ለፎቶ ብቻ መቆም የለባቸውም።

በማግስቱ ስመለስ ሞተሩ ወርዶ ጆንያው ላይ ነበር። ታላቅየው እያንዳንዱን ቡሎን ከነዳዶውና ከነሮንዴላው በትንንሽ ፌስታል ለያይቶ፣ በወረቀት «የፊት ቀኝ»፣ «የኋላ ላይ» እያለ ጽፎ ያስራል። ያቺን ስስ ሮንዴላ ብቻ በሌላ ፌስታል ለብቻዋ አስቀምጧት ነበር።