በሕግ አምላክ፤ ስለ ዕሴትና ስለ ወግ ዝምድና

ዕሴት የሚለው ቃል በዛሬው የትምህርት ቤት አማርኛ የተለመደ ቢሆንም፣ በግዕዝ መሠረቱ የሚያመለክተው ዋጋን፣ ምንዳን፣ ብድራትን ነው። ይህ ጥንታዊ ትርጕም ለምንመረምረው ጕዳይ ጥሩ ፍንጭ ይሰጠናል። የአንድን ሕዝብ ዕሴት ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ ሕዝቡ ምን እንደሚወድ ከመጠየቁ በፊት ለምን ነገር ዋጋ እንደሚከፍል መመልከት ይገባዋልና።

የማኅበራዊ ኑሮ መርማሪዎች ስለዚህ ነገር ብዙ ጽፈዋል። አሜሪካዊው ዊልያም ግራሃም ሰምነር እ.ኤ.አ. በ1906 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው ሳያስብበት የሚከተለውን ተራ ልማድ፣ ሲጣስ ማኅበሩ ሁሉ ደኅንነቱ የተነካ ከሚመስለው ጽኑ ወግ ለይቶ አሳይቷል። ክላይድ ክላክሆን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1951 ባወጣው ጥናት፣ ዕሴት ማለት ሰው የሚፈልገው ነገር ሳይሆን ሊፈለግ ይገባዋል ብሎ የሚያምንበት ነገር መሆኑን አስረዳ። እኛም በዚህ ጽሑፍ ዕሴት ስንል ይህን እምነት፣ ወግ ስንል ግን በእምነቱ ስም ‹‹ይህን አድርግ፣ ያን አታድርግ›› የሚለውን የታወቀ ትእዛዝ ማለታችን ነው። ለዚህ ለሁለተኛው ነገር አማርኛችን ቃል አልቸገረውም፤ ወግ፣ ልማድ፣ ሥርዐት፣ ደንብ ይለዋል። ለምሽት ጨዋታም ወግ ማለታችን እንዲያው በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ ወግ በአብዛኛው የሚወረሰው በጨዋታ ነውና።

አከራካሪው ጥያቄ፣ ዕሴት ወግን ይወልዳል ወይስ ወግ ዕሴትን ያኖራል የሚለው ነው። ይህን በባዶ ሐሳብ ከምንከራከርበት በአንድ በታወቀ ነገር ላይ ብንፈትነው ይሻላል። እኔም የመረጥሁት የፍርድን ነገር ነው።

‹‹ያለ ፍርድ ከሄደች ጭብጦዬ፣ በፍርድ የሄደች በቅሎዬ›› የሚለውን ተረት የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ጥቂት ነው። በቅሎ በዚያ ዘመን የባለቤቷ ሀብትም ክብርም ነበረች፤ ጭብጦ ግን መንገደኛ በአገልግሉ የሚይዛት ትንሽ እንጎቻ ናት። በገበያ ሚዛን ብንመዝነው ተናጋሪው ሞኝ ነው። እርሱ የሚለው ግን፣ በቅሎዬን ፍርድ ቢወስዳት እችለዋለሁ፤ ጭብጦዬን ጕልበተኛ ቢነጥቀኝ ግን አልችልም ነው። ዋጋ የሚከፈልበት ነገር ይህ ነው፤ ስለ ሆነም በትክክለኛው ትርጕም ዕሴት ልንለው እንችላለን።

ይህ ዕሴት በኑሮ ውስጥ የሚሠራው በተረት ኀይል አልነበረም። ከሁሉ በፊት ‹‹በሕግ አምላክ›› የሚለው ቃል ነበረ። አንዳንድ ጊዜም በንጉሡ ስም ‹‹በምኒልክ አምላክ››፣ በኋላም ‹‹በኃይለ ሥላሴ አምላክ›› ይባል ነበር። ይህ ቃል የተነገረበት ሰው ባለበት መቆም ነበረበት፤ ቢጥሰው ንጉሡን እንደ ናቀ ይቈጠራል። ልብ ማለት የሚገባን፣ ተናጋሪው የሚጠራው የራሱን ጕልበት ወይም የወታደርን ዱላ ሳይሆን ከሕጉም ከንጉሡም በላይ ያለውን አምላክ መሆኑን ነው። ስለዚህ ደካማው ጠንካራውን በአንድ ቃል ሊያስቆመው ይችል ነበር።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው የመንገድ ዳኝነት ነው። ባለ ጋራዎቹ በዚያ የሚያልፈውን ደኅና ሰው ‹‹ዳኘን›› ይሉታል። መንገደኛው ቸኵሎም ቢሆን ነገሩን ሳይሰማ ማለፍ ነውር ነበር፤ ከዛፍ ጥላ ተቀምጦ ይሰማል። ከሳሽና ተከሳሽም ኩታቸውን አጣፍተው፣ ዘንግ ይዘው፣ በልበልሃ ሥርዐት ይከራከራሉ። ዋስ ይጠራሉ፤ ‹‹ማር ይግባ፣ በቅሎ ይግባ›› እያሉ ይወራረዳሉ። በዙሪያው የቆመው ሰው ሁሉ ይሰማል፤ ንግግር ያማረለትን ያደንቃል፤ የተሳሳተውን ያርማል። የመንገዱ ዳኛ ያልፈታው ነገር ወደ ሹሙ፣ ከሹሙም ወደ ላይ፣ እስከ ንጉሡ ችሎት ድረስ ሊሄድ ይችላል። ዋስ ያጣ ተከሳሽ ከከሳሹ ጋር በኩታው ጫፍ ይቋጠራል፤ ባለ ዕዳም ከባለ ገንዘቡ ጋር በሰንሰለት ይቈራኛል። በ19ኛው መቶ ዓመትና በ20ኛው መጀመሪያ አገራችንን የጐበኙ የውጭ አገር ሰዎች ይህን በመገረም ጽፈውታል። ሁለት ሰዎች በአንድ ቋጠሮ ታስረው፣ ያለ ጠባቂ፣ የብዙ ቀን መንገድ ወደ ዳኛ ሲሄዱ ማየት ለእነርሱ እንግዳ ነበር።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቈይ። የዚህ ሁሉ ወግ ጠባቂ ማን ነበር? ፍርድ ቤቶች በደረጃ፣ ፖሊስም በመላው አገሪቱ በአዋጅ የተደራጁት በ1934 ዓ. ም. ነው። ከዚያ በፊት በገጠሩ ያለ ዘበኛ የሚሠራው ሥርዐት የቆመው በአላፊ አግዳሚው ላይ ነበር። ‹‹በሕግ አምላክ›› ተብሎ የማይቆመውን ሰው የሚይዘው በዚያ የተገኘው ሰው ነው። ዳኛውም፣ ምስክሩም፣ ብዙ ጊዜ ዋሱም ከዚያው ሕዝብ ነው። ስለዚህ በፍርድ ማመን ለብቻው የሚያዝ አሳብ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ ቀን መንገዱ ተቋርጦ የሚከፍለው የጊዜና የድካም ግብር ነበረው።

ይህን ስል የቀድሞውን ዘመን ለማወደስ አይደለም። ቁራኛ ድኻውን ባለ ዕዳ ለልመና ይዳርገው ነበር። ውርርዱ ለዳኛ የሚገባ በመሆኑ ነገር በረዘመ ቍጥር የሚጠቀም ዳኛ አልጠፋም። በልበልሃ አፈኛው ዝምተኛውን ይረታል፤ ይህም ከእውነት ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። ሌባ ለማውጣት በሚደረገው አውጫጭኝ ደግሞ የአገሩ ሰው ሁሉ ሥራውን ፈትቶ፣ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ከአንድ ስፍራ እንዳይወጣ ይደረግ ነበር። ከአንድ ዕሴት ደግም ክፉም ወግ ሊወለድ እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

እንዲያውም ዕሴት ወግ ሳይወልድ ለብዙ ዘመን ሊቀመጥ ይችላል። ፍትሐ ነገሥት ሰው ሁሉ በተፈጥሮ ሕግ ነጻ መሆኑን፣ ባርነትም በጦርነትና በኀይል የመጣ መሆኑን ይናገራል፤ ባሪያን ነጻ ማውጣትንም ያመሰግናል። መጽሐፉ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲነበብና ሲተረጐም፣ አንባቢዎቹና አድማጮቹ ባሪያ ይገዙ ነበር። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ. ም. በወጣው አዋጅ ነው። የተገላቢጦሹም አለ። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. የእጅ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ ነገር ግን ትእዛዙ የሚደገፍበት እምነት በሕዝቡ ልብ ስላልነበረ ሸማኔውና ቀጥቃጩ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን ከመሰደብ አልዳኑም።

ወደ ፍርድ ነገር እንመለስ። በስዊሱ ዣን ግራቨን የተረቀቀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949 ዓ. ም.፣ በፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ የተረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ. ም. ወጡ። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ በቍጥር 3347፣ በውስጡ የተነገሩትን ጕዳዮች የሚመለከት ልማድና የቀድሞ ሕግ ሁሉ የተሻረ መሆኑን ደነገገ። የባልና ሚስት ጠብ በሽማግሌ ዳኞች እንዲታይ መፍቀዱ ግን ሰፊ ቀዳዳ ነበር፤ ይህም ፍቺ የመወሰን ሥልጣን በ1992 ዓ. ም. በተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ለፍርድ ቤት ብቻ ተሰጠ። ስለ ሕጎቹ ጥራት የሕግ ሊቃውንት ይናገሩ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ፍርድን መጠበቅ የመንግሥት ሠራተኛ ሥራ ሲሆን፣ አላፊ አግዳሚው ከግዴታው ተሰናበተ። ዕሴቱ በቃል እንዳለ ቀረ፤ የሚከፈለው ግብር ግን ቀረ።

የዚህ ለውጥ ክብደት የታየው ቈይቶ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ. ም. ሌሊት ደርግ ስልሳ የሚሆኑ ባለ ሥልጣኖችንና መኰንኖችን ያለ ፍርድ ገደለ። በ1969 እና በ1970 ዓ. ም. በቀይ ሽብር ዘመን ደግሞ ያለ ዳኛ መግደል ‹‹እርምጃ›› የሚል ስም ወጣለት፤ ሬሳ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ጽሑፍ ተለጥፎበት ይታይ ነበር። ሕዝቡ በዚያን ጊዜ ፍርድን መውደድ ተወ የሚል ቢኖር ይሳሳታል፤ የበቅሎና የጭብጦ ተረት ያን ጊዜም በየቤቱ ይነገር ነበር። የጠፋው ‹‹በሕግ አምላክ›› ብሎ ማስቆም የሚችል፣ ሲጠራም የሚቆም መንገደኛ ነው። ዋናው ምክንያት ግልጽ ነው፤ የሚቆም ሰው ራሱ ይገደል ነበር። ይሁንና ማንም ሰው ያላንዳች ሹመት ዳኛና ምስክር የሚሆንበት ወግ ከዚያ በፊት በሠላሳ ዓመት ውስጥ መላላቱ፣ ጕልበተኛውን ሥራውን አቅልሎለታል ብዬ አምናለሁ።

በ1987 ዓ. ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34፣ የግልና የቤተ ሰብ ክርክር በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ ፈቅዷል። ሽምግልናም በከተማ በገጠሩ ዛሬ ይሠራል። ይህ ግን የሁለቱን ወገን ስምምነት የሚጠይቅ ስለ ሆነ፣ እምቢተኛውን ባለበት ከሚያስቆመው ከቀድሞው ቃል ጋር አንድ አይደለም። ቋንቋችን ግን የቀድሞውን ይዞት ቀርቷል። ሕመምተኛን ‹‹የአልጋ ቁራኛ›› እንላለን፤ የምንጠረጥረውን ሰው ‹‹በዓይነ ቁራኛ›› እንጠብቃለን፤ ቋጠሮውን ያየ ግን በመካከላችን የለም።

የመንገድ ዳኝነትን በልጅነታቸው ያዩ ሰዎች ዛሬ ከሰማንያ ዓመት በላይ ናቸው። ወደ ገጠር የሚወጡ ወጣት መርማሪዎች እነዚህን አረጋውያን ሲያገኙ የዳኛውን ብቻ ሳይሆን የተመልካቹን ነገር ቢጠይቁ እወዳለሁ፤ ‹‹በሕግ አምላክ›› ሲባል በአጠገቡ የነበረው ሰው ምን ማድረግ ነበረበት፣ ዝም ብሎ ካለፈስ ጎረቤቱ ምን ይለው ነበር፣ ሴት ወይም አገልጋይ ቃሉን ስትናገር እንደ ወንዱ ይቆምላት ነበርን? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ከአገር አገር የሚለያይ ይመስለኛል፤ ስለዚህ የወረዳው ስም በየመልሱ አጠገብ ይጻፍ።