ከቀለም ቀንድ እስከ ካርትሪጅ፦ ቀለም ስለ መሙላት ታሪክ

የታሪክ መምህር ስለ ማተሚያ ቀለም ይናገራል ሲባል ሰምታችሁ የተገረማችሁ ትኖራላችሁ። የሥራ ባልደረቦቼም ርእሱን ሲያዩ «ይህ የጥገና ባለሙያ ጉዳይ አይደለምን?» ብለውኛል። (ሳቅ) እኔ ግን ነገሩ የሚጀምረው ከቁም ጸሐፊ ቤት ነው እላለሁ፤ ማስረጃዬንም ይዤ መጥቻለሁ።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ነገሮች ታያላችሁ። አንደኛው የእናቴ አባት በእጃቸው የጻፉት ዳዊት ነው፤ በመጨረሻው ቅጠል ላይ እንደ ሰፈረው፣ የተፈጸመው ዳግማዊ ምኒልክ በሕይወት ሳሉ ነው። ሁለተኛው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ኮተቤ በሚገኘው ቤቴ ራሴ ያተምሁት አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ወደ እርሱ እመለስበታለሁ።

በአማርኛ አንድን ታላቅ ሊቅ ለማወደስ «የቀለም ቀንድ ነው» እንላለን። ዛሬ ቃሉን የሚጠቀምበት አብዛኛው ሰው ቀንዱን አይቶት አያውቅም። ቁም ጸሐፊ ለሥራ ሲቀመጥ ሁለት ቀንድ ያቀርብ ነበር፤ በአንዱ ጥቁር፣ በሌላው ቀይ ቀለም ይሞላል፤ ሹል ጫፋቸውን መሬት ላይ ይተክላቸዋል። ብዕሩ ከመቃ ወይም ከሸምበቆ የተቀረጸ ነው። ቀንዱ ሲጎድል ይሞላል፤ ብዕሩ ሲደንዝ እንደገና ይቀረጻል። የሚጣል ነገር የለም።

ቀለሙ ራሱ ብዙ ወራት የሚፈጅ ሥራ ነበር። ለጥቁሩ ጥላሸት ይሰበሰባል፤ ያረረ እህልና ቅጠል ይጨመርበታል፤ ይወቀጣል፤ በውኃ ተበጥብጦ እየተማሰለ ይሰነብታል፤ እንዲይዝ ሙጫ ይገባበታል። የበሰለውን ቀለም አድርቆ ማኖርና ሲያስፈልግ በውኃ ማሟሟትም የተለመደ ነበር። ቀዩ ለአምላክ፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም፣ ብዙ ጊዜም ለመጽሐፉ ባለቤት ስም ይቀመጥ ነበር። አሰራሩ ከደብር ደብር፣ ከመምህር መምህር ይለያያል፤ አንድ ነገር ግን የጋራ ነው። ቀንዱን የሚሞላው ሰው በውስጡ ያለው ምን እንደ ሆነ ያውቃል፤ ያፈላው እርሱ ራሱ ወይም መምህሩ ነውና።

ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲደፉ የቤተ መንግሥቱ ጽሕፈት ሁሉ ገና የእጅ ሥራ ነበር። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ሲሾሙ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጽሕፈት ሚኒስትር መባላቸው የብዕርን ክብር ያሳያል። በ1914 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን አቋቋሙ። ከዚያ ወዲህ ቀለም በቆርቆሮ ተሞልቶ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ ሆነ። የጽሕፈት መኪናው ሪባንና የማባዣው ቀለምም ተከተሉ። እዚህ ላይ አልቆይም፤ ቀለም ከሚያፈላው እጅ የተለየው በዚያ ዘመን መሆኑን ግን ልብ ይሏል።

በቤት የምንጠቀምበት፣ ቀለም የሚረጨው ማተሚያ ታሪኩ አጭር ነው። ካኖን የተባለው የጃፓን ኩባንያ ራሱ እንደሚተርከው፣ እ.ኤ.አ. በ1977 አንድ ተመራማሪ የጋለ የብየዳ ብረት ቀለም የያዘ መርፌ ሲነካበት ቀለሙ ከመርፌው ጫፍ ተፈናጠረ። ሙቀት ቀለምን እንደሚወረውር የታወቀው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ሂውለት ፓካርድ ቲንክጄት የተባለውን አቀረበ፤ ቀለሙ ሲያልቅ መርጫውም አብሮ የሚጣል ነበር። እንግዲህ ቀንዱና ብዕሩ አንድ ላይ ተሰፉ፤ ቀንዱ ሲጎድል ብዕሩም ይጣላል ማለት ነው። ንግዱም በዚህ ላይ ቆመ፤ መኪናውን በርካሽ ሸጦ ትርፉን ከቀለሙ መልቀም። ኋላም ካርትሪጁ ላይ ትንሽ ቺፕ ተለጠፈችበት፤ ቀለም ብትጨምርበትም «አልቋል» ትላለች።

በመርፌ የተጀመረውን ነገር የእኛ ሰው በመርፌ መለሰለት። ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ዳር ባሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ሥራውን አይታችሁታል። ከካርትሪጁ ላይ ልጣፉ ይነሣል፤ ከሥሩ ቀዳዳ አለ፤ በሲሪንጅ የተቀዳው ቀለም ቀስ ተብሎ ስፖንጁ ውስጥ ይገባል። ከቸኮሉ አየር ይገባና መስመር ይዘላል። ፈጽሞ እስኪደርቅ ከጠበቁም፣ በሙቀት በሚሠራው ዓይነት ላይ መርጫው ይቃጠላል፤ የሚያቀዘቅዘው ራሱ ቀለሙ ነውና። እኔ ይህን የተማርሁት ሁለት ካርትሪጅ ካበላሸሁ በኋላ ነው።

ይህ ልማድ የእኛ ብቻ አይደለም። ኤፕሰን ጠርሙስ የሚገለበጥበትን ባለ ታንክ ማተሚያ እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ ያወጣው በኢንዶኔዥያ ነው፤ በዚያ አገር ሰዉ በየማተሚያው ጎን ጠርሙስ ቀጥሎ ይሞላ ስለ ነበር ኩባንያው ገበያውን ተከተለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2017፣ ሌክስማርክ በነበረበት የቶነር ካርትሪጅ ክርክር፣ አምራቹ ዕቃውን ከሸጠ በኋላ በፓተንት መብቱ መልሶ መሙላትን መከልከል እንደማይችል ወሰነ። የመገናኛ ቀለም ሞይዎች ፍርዱን አልጠበቁም። (ሳቅ)

ስለዚህ በመሙላቱ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ የአያቶቻችን ልማድ ነው። ቅሬታዬ ሌላ ነው።

እናቴ ስታርፍ፣ አያቴ በዳዊቱ መጀመሪያ ቅጠል ላይ የመዘገቡትን የቤተሰብ ልደትና ዕረፍት በኮምፒውተር ጻፍሁት። በብራናው ላይ ለመጨመር እኔም እኅቶቼም አልደፈርንምና፣ የእናቴን ዕረፍት የያዘው ይህ ወረቀት ብቻ ነው። እንደ ሥርዓቱም የሟቾቹን ስምና ቀን በቀይ አደረግሁ። ባለቀለሙን ካርትሪጅ ከአንድ ጠርሙስ የሞላሁት እኔ ነኝ። ገጹን በመስታወት አስገብቼ ፀሐይ የሚገባበት ግድግዳ ላይ ሰቀልሁት። በሰባተኛው ዓመት ሳየው ቀዩ የለም። ጥቁሩ እንዳለ ነው፤ ቀይ በነበረበት ቦታ ግን ነጭ ክፍተት ቀርቷል። እናቴ የተወለደችበት ቀን በአያቴ ቀለም ዛሬም ይነበባል፤ ያረፈችበትን ቀን የያዘው የእኔ መስመር ግን ባዶ ነው።

ምክንያቱን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። የጥቁሩ ካርትሪጅ ገና ያልተሞላ፣ ከፋብሪካው እንደ መጣ የነበረ ነው፤ በውስጡ ያለው ፒግመንት የሚባለው፣ የጥላሸት ብናኝ በፈሳሽ ውስጥ የተንሳፈፈበት ቀለም ነው። ጥላሸት! አያቴ ከምጣድ ሥር ይፍቁት የነበረው። እኔ የሞላሁት ቀይ ግን እንደ ስኳር በውኃ የሚሟሟ ማቅለሚያ ነበር፤ ብርሃን ይበላዋል፣ ጠብታ ውኃም ያጥበዋል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው የቀለሙ ዓይነት ስም ብቻ ነበር። ወደ ሱቁ ተመልሼ ሻጩን ወጣት ብጠይቀው «ጋሼ፣ ቀለም እኮ ቀለም ነው» አለኝ። አልተቈጣሁትም፤ እርሱም የሚሸጠውን አላፈላውም።

ዛሬ የእድር መዝገብ፣ የሽማግሌዎች የዕርቅ ውል፣ የተማሪዎቻችን የቃል ታሪክ ቅጂዎች በእንዲህ ያለ ቀለም እየታተሙ በየሣጥኑ ይገባሉ። በዚህ ትምህርት ክፍል የሚሰበሰበው የእንጦጦና የየካ ነዋሪዎች ቃልም ጭምር። ለእኔ ዘመን ሠራተኞች ነገሩ የወጪ ጉዳይ ይመስላል፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ለሚመጣው የታሪክ ተመራማሪ ግን ክፍተት ነው። ስለዚህ ከዚህ ዓመት ጀምሮ ተማሪዎቼን የማስረክባቸው ቅጂ በምን ቀለም እንደ ታተመ በመጀመሪያው ገጽ እንዲጽፉ አዝዣለሁ፤ አንዳንዶቹ ያጉረመርማሉ።

የእናቴን ቀን አልረሳሁትም። በምን ቀለም መልሼ እንደምጽፈው ግን ገና ከእኅቶቼ ጋር አልተስማማንም፤ አንዷ በዳዊቱ ላይ ይሁን ትላለች። ከጥያቄና መልሱ በኋላ ሁለቱንም ቀርባችሁ ማየት ትችላላችሁ። ዳዊቱን የምትገልጡ እጃችሁን ታጠቡ፤ ወረቀቱን ግን እባካችሁ ወደ መስኮቱ አታቅርቡት።